ከመስኮት ሥር የመረጥሁት ትምህርት ቤት

የሕግ ትምህርት ቤቴን የመረጥሁት ከመስኮት ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ሌላው በስሙ ይመርጣል፣ በሕንፃው ይመርጣል፣ የጎረቤት ልጅ የሄደበትን ይመርጣል። እኔ ግን አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር እየጮኸ፣ የአበባ መደብ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ጆሮዬን ከግድግዳ አጣብቄ መረጥሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን አጥር ጀርባ ነበር። ከጓሯችን የተማሪዎቹ ጎጆዎች ይጀምራሉ። ጠዋት ጠዋት ያ ሁሉ ተማሪ ቅኔውን ሊያስብ በየዛፉ ሥር ይበተንና ለብቻው ያጉረመርማል። ልጅ ሆኜ ዛፍ ሁሉ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላ ሰፈር ሄጄ ዝም ያለ ዛፍ ሳይ የታመመ መስሎኝ ደንግጫለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ በአንድ እየተነሡ ያሰቡትን በአባቴ ፊት ይናገራሉ። አባቴ ያርማሉ፣ ያፈርሳሉ፣ አልፎ አልፎም ጢማቸውን ይዘው ዝም ይላሉ። ዝም ካሉለት ተማሪው ያን ቀን እራት አያስፈልገውም። እኔም እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ነበር የምላቸው። «አባባ» ብላቸው ከሰባ ወንድ መካከል ዞር የሚሉልኝ አይመስለኝም ነበር።

ስለ አእምሯዊ ንብረት የመጀመሪያውን ትምህርት የተማርሁት እዚያ ግቢ ነው፤ ያኔ ስሙን አላውቀውም እንጂ። ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆን ነው። አንድ ከሩቅ የመጣ ጎረምሳ ተነሥቶ እንዴት ያለ ቅኔ ተናገረ መሰላችሁ! ሐይቁ ራሱ ማዕበሉን አቁሞ ያደመጠ ይመስለኛል። ልጁ እኩሌታው ላይ ሲደርስ አባቴ እጃቸውን አነሡና ቀሪውን እሳቸው ቀጠሉለት፤ እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳይስቱ።

«ይህን የተናገረው ልጅ» አሉት፣ «እዚያች ድንጋይ ላይ ነበር የሚቀመጥ። ሰባት ዓመት ሆነው። አንተ የት አገኘኸው?»

ልጁ እዚያው ቆሞ አመድ መሰለ። አልገረፉትም፣ አላባረሩትም። አንድ ወር ሙሉ የራሱን ቅኔ ከመናገሩ በፊት የዚያን የሌላውን ሰው ስም ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ እንዲጠራ ፈረዱበት። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ኋላ ስንት የቅጂ መብት ፍርድ አነበብሁ፤ ከዚያ የሚስተካከል ቅጣት ግን አላገኘሁም።

አድጌም ሕግ ተማርሁ፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ እዚያው ከተማ የአንድ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ሆንሁ። አሥራ አራት ዓመት «ጉዳዩ፦ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት» የሚል ደብዳቤ ስጽፍ ኖርሁ። ማስጠንቀቂያዎቼ አንድ ላይ ቢሰፉ ጣናን አልብሰው ለአባይ መቀነት ይተርፋሉ። አንድ ቀን ግን ከሐይቁ ዳር ለእንግዳ ሥዕል የሚሸጥ ሰው ቢሮዬ ገባ። በአንድ እጁ ቆዳ ላይ የተሣለች ይብራ፣ በሌላው እጁ ያችው ይብራ የታተመችበት ቲሸርት ይዟል።

«እትዬ፣ ሕግ ያውቃሉ አሉኝ። ይህች ወፍ የእኔ ናት። ከተማው ሁሉ ለብሷታል።»

ወፏን አየኋት፤ ጎበጥ ያለች፣ አፏን የከፈተች፣ ልክ የመሥሪያ ቤታችንን ኃላፊ የምትመስል ወፍ ናት። ወፏን አወቅኋት፤ ሕጉን ግን አላወቅሁትም። በዩኒቨርሲቲ ስለዚህ ነገር የተማርነው በአንድ ሴሚስተር ነው፤ አስተማሪውም ከሦስት ጊዜ በላይ አልመጣ። «ነገ ይምጡ» ብዬ ሸኘሁት። ያን ቀን ማታ ግን ሁለተኛ ዲግሪዬን በአእምሯዊ ንብረት ሕግ ለመማር ቆረጥሁ። አሁን እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር አንዲት ክፍል የጥብቅና ቢሮ አለችኝ፤ ወፏም ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ባለጉዳይ ትታዘባለች። አባቴ ግን ካረፉ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ስለዚያ ምርጫ ሳስብ የምናፍቀው ክርክራችንን ነው።

እናቴ ካረፈች በኋላ በቤቱ ሁለት ቀርተን ነበር። የአባቴ ዓይን መድከም ጀምሯል። የዓይን ግፊት ነው አለ ሐኪሙ፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን ጠብታው ያቆየዋል፣ ጠዋትና ማታ፣ አንድም ቀን ሳይታጎል። ጠብታውን የማደርግላቸው እኔ ነኝ። አባቴ ሌሊት ከመቃብር ቦታ ብቻቸውን የሚያልፉ፣ ጅብን «ዞር በል» ብለው የሚያዝዙ ሰው ናቸው፤ ጠብታ ግን ይፈራሉ። ጭንቅላታቸውን ይዤ ቀና ሳደርጋቸው ዓይናቸውን እንደ ዕቃ ቤት በር ይከረችሙታል።

«የኔታ፣ ጣሪያው ላይ አዩ?»

«ምን አለ?»

«መልአክ!»

ብልጭ ሲያደርጉት ጠብ አደርገዋለሁ።

«ውሸታም!»

«አሁን በረረ።»

በየቀኑ ሁለት ጊዜ መልአክ መጥቶ ሄዷል። መልአክ ሲያልቅብኝ የጳጳስ መኪና፣ ሲብስም የእናቴን ድመት አመጣ ነበር። ሁልጊዜም ይከፍቱታል። አሁን ሳስበው እያወቁ ይከፍቱልኝ ነበር።

እንግዲህ ትምህርት ቤት ልምረጥ ስል ሁለት ነበሩ። አንደኛው እዚያው ባሕር ዳር፣ ከቤታችን በባጃጅ አሥር ደቂቃ። ሁለተኛው አዲስ አበባ፣ ለዚሁ ትምህርት ብቻ ተብሎ የተከፈተ ክፍል ያለው። ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ነው አለችኝ።

«የአዲስ አበባውን ነዋ! ወረቀቱ ላይ የሚወጣው እኮ ስሙ ነው። ባል ስትመርጪም እንዲህ ስታወላውዪ ነው ቆመሽ የቀረሽው።»

«ባልማ አልመረጥሁም፤ ባሎች ናቸው ተሰልፈው ያልመረጡኝ» አልኋት።

አባቴ ግን ስሙንም ቦታውንም አልጠየቁኝ።

«መምህሩ ማነው?»

«መምህሩን አላውቅም የኔታ። ትምህርት ቤቱ ግን ጥሩ ነው ይላሉ።»

«መምህሩን ሳታውቂ ታዲያ ምኑን ነው የምትመርጭ፣ ቆርቆሮውን?»

ከዚያ መቶ ጊዜ የሰማሁትን ታሪካቸውን አወጉኝ። ጎረምሳ ሆነው ከእንፍራንዝ ተነሥተው ሐይቁን ዞረው ወደ ጎጃም ሲመጡ ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ሦስት መምህራንን አዳምጠዋል፤ ሳይመዘገቡ፣ ከአጥር ውጭ ቆመው። የመጀመሪያው ተማሪ ሲሳሳት ይሳደባል፤ ተዉት። ሁለተኛው ለሁሉም «ግሩም ነው» ይላል፤ ይህ ባሰ። ሦስተኛው ግን አንድ ተማሪ አንድ ነገር ሲናገር «ይህን አላውቀውም፤ እስቲ ድገምልኝ» አለ።

«ያን ጊዜ ጆንያዬን አወረድሁ።»

«እዚያው ጨረሱ?»

«የት! እሱ ወደ ሌላ ደብር ሄደ፤ ተከተልሁት። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ተከተልሁት። መምህር ሲነሣ ተማሪ ይነሣል እንጂ ከድንጋዩ ጋር ይቀራል?»

ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች አመለከትሁ። አዲስ አበባ ለመግቢያ ፈተና ስሄድ እንደ አባቴ አዳምጬ ልምጣ ብዬ ነበር፤ ክፍሉ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ውጭ ቆሞ ለመስማት ይብራ መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ የባሕር ዳሩን ላዳምጥ አልሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይማራሉ፤ ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱም በሙቀቱ ምክንያት ክፍት ነው። ከመስኮቱ ሥር የአበባ መደብ አለ። እግዚአብሔር ያዘጋጀው መቀመጫ!

በመጀመሪያው ቅዳሜ ያዳመጥሁት አስተማሪ ስላይድ የሚያነብ ሰው ነበር። «ቀጣዩ ስላይድ» ይላል፤ ያነባል፤ «ቀጣዩ ስላይድ»። አበቦቹ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ላንቀላፋ ስል ጥበቃው መጣ፤ ከእኔ የሚበልጥ፣ ጢሙ ገብስማ የሆነ ሰውዬ።

«እማማ፣ ልጅዎን ነው የሚጠብቁ?»

እማማ! በዚያች ቃል ብቻ ክስ መመሥረት እችል ነበር። «አዎ» አልሁ፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሌላ አስተማሪ ነበር። እሱ ደግሞ አውሮፓ ሄዶ የበላውን ቁርስ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረ። ጥበቃው አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለና ድምፁን ቀነሰ።

«ልጅ አይደለም አይደል? ባለቤትዎን ነው የሚከታተሉ። ግድየለም፣ እኔ ምሥጢር አላወጣም።»

በሦስተኛው ቅዳሜ ስደርስ ዱካ፣ የእንጨት በርጩማ፣ ተቀምጦልኝ አገኘሁ። «እየተቀመጡ ይጠብቁት» አለኝ ጥበቃው፣ በሐዘኔታ፤ «ወንድ እንደሁ እንዲህ ነው።»

ያን ቀን ነው ድምፁን የሰማሁት። ቀጠን ያለ፣ እያንዳንዷን ቃል እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ የሚያስቀምጥ ድምፅ። ብቅ ብዬ በመስኮቱ ጥግ አየሁት፤ ከእኔ አሥር ዓመት የሚያንስ፣ ኮቱ የታላቅ ወንድሙ የሚመስል፣ ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ ለጋ ሰው ነው። አንድ ተማሪ ጠየቀው፦

«መምህር፣ የታንኳውን ቅርፅ የፈጠረው ማነው? ደንገሉን እንዲህ አድርጎ ያሠረው የመጀመሪያው ሰው አይታወቅም። አሁን ግን አንድ ነጋዴ ቅርፁን ዓርማ አድርጎ ላስመዝግብ ቢል፣ የማን ነው የሚባለው?»

አስተማሪው ዝም አለ። ያ ዝምታ ከመርዘሙ የተነሣ አንዲት ጀልባ ዘጌ ደርሳ መንገደኛ አውርዳ የተመለሰች ይመስለኛል።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ሕጉን የጻፉትም ሰዎች ታንኳ ያዩ አይመስለኝም። እስከ ቅዳሜ አስቡበት፤ እኔም አስብበታለሁ። ግን መጀመሪያ ይህን ንገሩኝ፤ ባለቤት የሌለው ነገርና ባለቤቱ ብዙ የሆነ ነገር አንድ ናቸው ወይ?»

ከደስታዬ የተነሣ ድንገት ብድግ ስል ጉልበቴ ቀጭ አለ፤ ሃያ አምስት ተማሪ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሮጥሁ። ባጃጁን «ንዳው!» ስለው ሹፌሩ የሰረቅሁ መስሎት ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ አየኝ።

አባቴ ከቤታችን በር ላይ ካለችው ድንጋይ ተቀምጠው ነበር።

«አላውቅም አለ የኔታ!»

«በተማሪ ፊት?»

«በተማሪ ፊት!»

ጢማቸውን ያዙ። «ጆንያሽን አውርጂ» አሉኝ።

እስከ ምዝገባው ድረስ ሁለት ወር ነበረኝ። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ተቀብለውኛል፤ እኔ ግን ለባሕር ዳሩ ቆርጫለሁ፤ ጠብታውም ሳይታጎል፣ መምህሩም ሳይቀር። ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ቅዳሜ ቅዳሜ ከዱካዬ ላይ እሰማለሁ፤ ማታ ጠብታውን ሳደርግ ለአባቴ አወራላቸዋለሁ። አባቴም ከዚያ ካላዩት ሰው ጋር በእኔ በኩል ሙግት ገጠሙ።

«ለፈጠረው ሰው ሃምሳ ዓመት መብት ይሰጠዋል ነው የሚለው? ከሞተ በኋላ? ሞቶ ምን ያደርግለታል? ንገሪው!»

«የኔታ፣ እኔ እኮ አበባ መደብ ላይ ነኝ። ማንን ልንገረው?»

«በመስኮት ንገሪው!»

እንደዚያ ሁለት ወር ቀንቶኝ የሚያውቅ ጊዜ የለም። ሳምንቱ አምስት ቀን ማስጠንቀቂያ፣ ቅዳሜ ገነት። ከግቢው ወጥቼ በሐይቁ ዳር በእግሬ ስመለስ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያደርቁ አያለሁ፤ የመረቡ ቋጠሮ የማን ፈጠራ ይሆን እያልሁ ሦስት ጊዜ ከሰው ጋር ተጋጭቻለሁ።

ከዚያ የምዝገባው ሳምንት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ሄጄ ዱካዬ ላይ ተቀመጥሁ። «ቀጣዩ ስላይድ» የሚል ድምፅ መጣ። ጠበቅሁ። «ቀጣዩ ስላይድ»። ጥበቃውን ጠራሁት።

«የኮቱ ሰውዬ ዛሬ የለም?»

«እሳቸውማ አዲስ አበባ ገቡ፤ እዚያ ያለው ትልቁ ትምህርት ቤት ወሰዳቸው አሉ።» ፊቴን አይቶ አዘነ። «አይዞዎት እማማ። ወንድ መሄዱ አይቀርም።»

ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን መሃል ላይ ቆመ። የሄደበት ትምህርት ቤት ያው የተቀበለኝ ትምህርት ቤት ነው። መንገዱ ክፍት ነው። አባቴ የሚሉትንም አውቀዋለሁ፤ መምህር ሲነሣ ተማሪ ይነሣል። ግን ጠብታውን ማን ያደርጋል? በሐይቁ ዳር እየሄድሁ መላ ዘየድሁ፤ ዝም ብዬ እዚሁ እመዘገባለሁ። የኔታ መምህሩ መሄዱን በምን ያውቃሉ? ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ነገር ፈጥሬ እነግራቸዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ስዋሽ የኖርሁ ሰው፣ ለሁለት ዓመት የሚሆን ውሸት አጣለሁ?

ቤት ስገባ ፀሐይዋ ገና ሐይቁ ላይ ነበረች።

«እህስ፣ ዛሬ ምን አለ?»

«ዛሬማ ግሩም ነገር አለ» አልሁ። «የበሬ ሌባ በረቱን ባዶ አድርጎ ይሄዳል፤ የሐሳብ ሌባ ግን በሬውን እዚያው ትቶት ይሄዳል አለ። ባለቤቱ ገብቶ ሲያይ በሬው አለ። ሲጠራው ግን አይዞርለትም፤ ሌላ ስም ለምዷል።»

አባቴ ጢማቸውን ያዙ፤ ዝም አሉ። በልቤ ጮቤ ረገጥሁ። የኔታ ዝም አሉልኝ!

«ጥሩ ነው» አሉ ቆይተው። «የሱ ግን አይደለም።»

«እንዴት የኔታ?»

«ያ ሰው የከተማ ልጅ ነው ብለሽኛል፤ በረት የት ያውቃል? ደግሞ እሱ ነገሩን ሁሉ በጥያቄ ነው የሚጨርስ፤ ይህ ግን ደፍኖ ጨረሰ። ይህ የእኔ ቤት በሬ ነው። አንቺ ነሽ የተናገርሽው።»

ያ ልጅ አመድ የመሰለባት ቦታ ላይ ቆሜ እኔም አመድ መሰልሁ።

«የሰውን የራሱ የሚያደርግ ስይዝ ነው የኖርሁ» አሉ። «የራሱን ለሰው የሚጥል ዛሬ ገና አየሁ። የት ሄደ ሰውዬው?»

«አዲስ አበባ።»

«መቼ ነው የምትሄጅ?»

«ጠብታውስ?»

«ሰባ ተማሪ አለኝ። መቶ አርባ እጅ ነው።»

«ለእኔ በስንት መልአክ ነው የሚከፍቱት! ለተማሪ ዓይንዎን ይሰጣሉ?»

«እሰጣለሁ! ደግሞም አያለሁ እኮ። ምን ቤት ነሽና ነው ዕውር የምታደርጊኝ? አምጭ ዳዊቱን።»

ዳዊቱን አመጣሁ። እንዳያታልሉኝ ብዬ እኔው መሃል ላይ ገለጥሁት፤ የመዝሙሩን የመጀመሪያ ቃል አንብቤ «ከዚህ ይቀጥሉ» አልኋቸው። ወደ ብርሃኑ ዞሩና አነበቡ። አንዲት ቃል አልሳቱም፤ ገጹ ሲያልቅ ገለጡት፤ ቀጠሉ። እኔም «እሰይ» አልሁ፤ ያያሉ፣ እንዲያውም ከእኔ ይሻላሉ።

አሁን ፍረዱኝ። ያ ዳዊት በስምንት ዓመታቸው በቃላቸው ያጠኑት፣ በየቀኑ የሚደግሙት ዳዊት ነው። የየትኛው ገጽ መጨረሻ የት እንደሆነ ጣታቸው ያውቀዋል። ሌላ ሰው ቢሆን የመድኃኒቱን ወረቀት ይሰጣቸው ነበር፤ ጋዜጣ ይሰጣቸው ነበር። የቅኔ መምህር ልጅ ግን ዓይን የምትመረምረው በዳዊት ነው። ለመሄድ የቆረጠ ልብ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይጠይቅም። አውቄ ይሁን ሳላውቅ እስከ ዛሬ ራሴን ስጠይቅ መልሱን እያቀያየርሁ እነግረዋለሁ።

የሄድሁ ለታ ከአንድ ተማሪያቸው ጋር አውቶቡስ ተራ ድረስ መጡ። ማለዳ ነው፤ ፀሐይ ገና እየወጣች። ለተማሪው ጠብታውን ሰጥቼ አንድ ሰዓት ያህል አስተማርሁት፤ ልጁ ጠርሙሱን እንደ ጽላት በነጠላው ሸፍኖ ያዘው። እኔም አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ መለያየት ስለማልወድ፣ ጉንጬን ነፍቼ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ ከአባይ ራሷን ብቅ ያደረገች ጉማሬ መሰልሁላቸው። ልጅ ሆኜ የሚያስቃቸው እሱ ነበር። አባቴ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። መንገደኛው ሁሉ አየኝ፤ የሕግ ባለሙያ መሆኔን የሚያውቅ አንድ ሰው ሰላም ሳይለኝ ፊቱን አዞረ።

አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። አስተማሪው ኮቱ ያው ነው። «ከዚህ በፊት ተያይተናል?» አለኝ። «በመስኮት» አልሁት፤ አልገባውም፤ አላስረዳሁትም። እንደ ጠበቅሁት ነበር፤ እንዲያውም ከዚያ በላይ። ስለ እሱ ክፉ የምለው የለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከክፍል ስወጣ ለአባቴ እደውላለሁ፤ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገው ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡታል፤ ተማሪዎቹ ይከቡታል። እኔ የሳምንቱን ትምህርት እናገራለሁ፤ ከዚያ ሙግቱ ይነሣል፤ ሰባ ሰው በአንድ ስልክ ሲጮህ የአዲስ አበባ ርግብ ሁሉ ይበር ነበር። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

«ጠብታውስ?»

«ተደርጓል፣ ተደርጓል!» ይላሉ አባቴ። ተማሪዎቹ ዝም ይላሉ። የዚያን ዝምታ ትርጉም ግን አልጠየቅሁም።

ለፋሲካ መጣሁ። ሳልነግራቸው ልደርስባቸው ብዬ በሩን ቀስ አድርጌ ከፈትሁ። አባቴ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸው ወደ እኔ ነው፤ በመካከላችን አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ ቀትር ላይ። ድምፅ ሳላሰማ ጉንጬን ነፋሁ፣ ዓይኔን ገለጥሁ፤ ጉማሬ ሆንሁ። አባቴ ትክ ብለው አዩኝ።

«ማነው እዚያ?» አሉ። «ምን ቆመሃል? ግባ እንጂ!»

ጉንጬ ውስጥ የያዝሁት ትንፋሽ የት እንደወጣ አላውቅም።

ተማሪዎቹ ላይ ጮህሁ፤ ያን ጠርሙስ የተቀበለውን ልጅ ፈልጌ ልበላው ነበር። አባቴ በበትራቸው መሬቱን መቱ።

«ተያቸው! ማን ደፍሮ የእኔን ጭንቅላት ይይዛል? ሞከሩ። ዓይኔን ጨፈንሁ። የሚዋሸኝ አጣሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ትመለሽ ነበራ!»

«አሁንም እመለሳለሁ። አቋርጣለሁ። ሰኞ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።»

«አሁን ብትቀሪ ዓይኔ አይመለስም» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ትምህርቱም ይቀራል። ያን ጊዜ ሁለቱንም ያጣሁ እኔ ነኝ። ይህን ታደርጊብኛለሽ?»

ዕድሜ ልኬን ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣ ሴት፣ እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ። እሳቸውም፦

«ቅድም በሩ ላይ ምን ታደርጊ ነበር፣ ዝም ብለሽ?»

«ጉማሬ» አልሁ።

«ነይ እስቲ።»

ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጉንጬን ነፋሁ። መዳፋቸው ጉንጬን፣ አፍንጫዬን፣ ግንባሬን ዞረ፤ እንባዬንም አገኘው፤ እንዳላገኘ አለፈው።

«ወፍራለች ጉማሬዋ» አሉ። «አዲስ አበባ ሳር በዝቷል መሰለኝ።»

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተመለስሁ። ጠብታውን የሚያደርግ፣ የሚያፍር ሳይሆን የሚቀልድ ተማሪ መርጬ፣ የቀረችው ብርሃን እንኳ ጨርሳ እንዳትጠፋ ውሸት አስተማርሁት፤ መልአኩን፣ የጳጳሱን መኪና፣ ድመቷን። አባቴ አውቶቡስ ተራ ድረስ እንዳይለፉ ብዬ ከበራችን ተሰናበትኋቸው። በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ፊታቸው ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ድምፄ ነው የዞረ። እኔም ሻንጣዬን አንሥቼ እየሄድሁ ማውራት ጀመርሁ፤ ስለ ባጃጁ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ጓደኛዬ አዲስ ጫማ፣ ስለ መጣልኝ ሁሉ። በራቅሁ ቁጥር ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ጎረቤት በየበሩ ወጣ፤ አንዲት ሴትዮ «ምን ሆነች?» ስትል ሰማሁ። እኔ ግን አስፋልቱ ጋ እስክደርስ ድረስ፣ ከዚያም ባጃጅ ውስጥ ገብቼ አንገቴን አውጥቼ፣ እየጮህሁ አወራሁ።